ፈጥኖ ከመድረስ በፊት፦ የፖሊስ አካል ብቃት ሥልጠና ታሪክ ከቀሐ ዳር ሲታይ



በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ቀሐ ሲወርዱ፣ በፋሲል መዋኛ ቅጥር ዙሪያ ከሁሉ ቀድሞ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። ምእመኑ ሌሊቱን ሲያድር እርሱም አብሮ ያድራል። በማግሥቱ ጸሎቱ ተፈጽሞ ወጣቱ ወደ ውኃው ሲዘል የሕዝቡ ግፊት የሚያርፈው በእርሱ ደረት ላይ ነው። ይህ ሰው ፖሊስ ነው። በእነዚያ ሰዓታት አይሮጥም፤ ሸክም አያነሣም፤ ከማንም ጋር አይታገልም። ሥራው መቆም ነው፤ ሲገፉት አለመግፋት፣ ሲደክመው አለመቆጣት ነው። ለዚህም ብርቱ እግርና የተረጋጋ ትንፋሽ ያስፈልገዋል።

የዛሬው ንግግሬ ጥያቄ ከዚህ ይነሣል። የሀገራችን ፖሊስ አካሉን ሲያሠለጥን የኖረው ለየትኛው ሥራ ነው? ጥያቄው የስፖርት ሳይንስ ብቻ ቢመስልም የታሪክ ጥያቄ ነው። አንድ መንግሥት ሕግ አስከባሪውን የሚያሠለጥንበት መንገድ፣ ከዚያ ሰው የሚጠብቀውን ነገር ይገልጣልና። እኔ የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የኢትዮጵያ ፖሊስ አካል ብቃት ሥልጠና አንድ ጊዜ ወታደርን፣ ሌላ ጊዜ ሻምፒዮን ሯጭን አርአያ አድርጎ ኖሯል። በሁለቱ መካከል ግን በእግሩ የሚዞረው፣ በትዕግሥት የሚቆመው ተራ ፖሊስ ተዘንግቷል። ይህ መዘንጋት ዋጋ አለው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ፖሊሱ ብቻ ሳይሆን ፖሊሱ ፊት የሚቆመው ዜጋም ነው።

፩. ፖሊስ ከመኖሩ በፊት

ጎንደር ከአፄ ፋሲለደስ ዘመን ጀምሮ ዋና ከተማ ሆና ስትኖር ዛሬ ፖሊስ የምንለው ተቋም አልነበራትም። ይህ ማለት ግን ሥርዓት አስከባሪ አልነበራትም ማለት አይደለም። ከተማይቱ ከንቲባ ነበራት፤ ገበያውንና ነጋዴውን ነጋድራሱ ይቆጣጠር ነበር፤ በገጠሩ ጭቃ ሹሙ ነበረ። ወንጀል ሲፈጸም ግን ተከታዩና ያዡ ራሱ ሕዝቡ ነበር። ጩኸት ሲሰማ የሰማ ሁሉ ይወጣል፤ የከብት ዱካ ይከተላል፤ ወንጀለኛው ካልታወቀም ሀገሬው በአውጫጭ ተሰብስቦ ተጠያቂው እስኪገለጥ ድረስ ይቀመጣል። ከሳሽና ተከሳሽም በቁራኛ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፊት የሚቀርቡበት ልማድ ነበር። ተከሳሹ እንዳያመልጥ የሚጠብቀው የሠለጠነ ጠባቂ ሳይሆን የከሳሹ የገዛ ክንድ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚያስደንቀው ሌባ ሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ወገቡ በገመድ ይታሠራል፤ እየተንገዳገደ በየደጁ ሲሮጥ የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰው ይከተለዋል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ልማዱ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አሥርታት ድረስ ቆይቷል። ፍትሕ የሚሮጥበት እግር የደነዘዘ ልጅ እግር የነበረበት ዘመን ነበር ስንል ማጋነን አይሆንም።

የመንግሥት ኃይል የሚታየው በማሳደድ ሳይሆን በመቅጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በአደባባይ ስለሚፈጸሙ ቅጣቶች በዝርዝር ጽፏል። ወንጀለኛን የመያዝ አቅሙ ደካማ የሆነ መንግሥት የያዘውን ጥቂት ሰው ለብዙኃኑ ማስፈራሪያ ማድረጉ በብዙ ሀገሮች ታሪክ የሚታይ ነው።

የዘመኑ ወጣት አካሉን የሚያጠነክረው በገና ጨዋታ፣ በጉግስ፣ በትግልና በአደን ነበር። እነዚህ ጨዋታዎች የጦርነት ልምምዶችም ነበሩ። ስለዚህ የጠነከረ አካል የሚታሰበው ለዘመቻ እንጂ ለከተማ ሰላም አልነበረም። የቋራው ካሣ፣ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ፣ እ.ኤ.አ. በ1848 ደባርቂ ላይ በግብፅ ጦር ሲሸነፉ ሥርዓት ባለው ሰልፍ የሠለጠነ ኃይል ምን ማድረግ እንደሚችል በዓይናቸው አይተዋል። ሲነግሡም ሽፍታው ወደ እርሻው፣ ነጋዴውም ወደ ንግዱ እንዲመለስ አወጁ። አዋጁን የሚያስፈጽመው ግን ያው ወታደር ነበር። ሰላም ማስከበርና መዝመት በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ተጫኑ፤ ይህ ድርብ ሸክም ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ አልተራገፈም።

፪. ከአራዳ ዘበኛ እስከ አባዲና

በአፄ ምኒልክ ዘመን መጨረሻ፣ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ከተሾሙ ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ የአዲስ አበባን ገበያና ሠፈር የሚጠብቅ የከተማ ዘበኛ ተደራጀ። ሕዝቡም አራዳ ዘበኛ አለው። ስሙን ልብ በሉት፤ «ዘበኛ» ቆሞ የሚጠብቅ ነው። ከዚህ ሰው የሚጠበቀው ንቁ ዓይንና የማይደክም እግር ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተከፈተው ከነጻነት በኋላ ነው። ጎንደር የጣሊያን ጦር በምሥራቅ አፍሪካ ለመጨረሻ ጊዜ የተከላከለባት ከተማ ነበረች፤ እጅ የሰጠውም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ በሀገሩ መሣሪያ የያዘ ሰው ብዙ ነበር፤ መንገዱም ገና አልጸናም። እ.ኤ.አ. በ1942 የፖሊስ አዋጅ ወጣ፤ በእንግሊዛውያን አማካሪነትም ብሔራዊ የፖሊስ ኃይል ይደራጅ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1946 የአባዲና ፖሊስ ኮሌጅ በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታትም ስዊድናውያን መምህራን ነበሩበት።

እዚህ ላይ ከሀገራችን ወጣ ብለን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1829 የተመሠረተው የለንደን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ምልምሎቹን ሲቀበል ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች፣ ቁመታቸውም ቢያንስ 5 ጫማ ከ7 ኢንች፣ ማለትም 1 ሜትር ከ70 ገደማ እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። መሥራቾቹ ፖሊሱ ወታደር እንዳይመስል ተጨንቀዋል፤ የለበሰው ሰማያዊ እንጂ ቀይ አልነበረም፤ በየዕለቱም የተመደበለትን መንገድ በእግሩ ይዞር ነበር። ቁመቱ የተፈለገው ሰውን ለመምታት ሳይሆን ከሩቅ ለመታየት ነው ማለት ይቻላል።

ወደ እኛ የመጣው ግን የቁመት መስፈርቱና የሰልፍ ሜዳው ነው፤ በእግር የመዞሩ ሐሳብ ያን ያህል አልጸናም። ምክንያቱ ለመረዳት አያዳግትም። አዲሱ ፖሊስ የተቀጠረው በአርበኝነትና በውትድርና ካለፈ ትውልድ መካከል ነው፤ የተሰጠውም ግዳጅ ሽፍታን ማሳደድ ነበር። ስለዚህ የሥልጠናው አጥንት ወታደራዊ ሆነ፤ ማለዳ ሩጫ፣ ሰልፍ፣ መሰናክል ማለፍ፣ የመሣሪያ አያያዝ፣ የረጅም መንገድ ጉዞ። ይህ ሥልጠና ብርቱ ሰው አላፈራም ማለት አልችልም፤ አፍርቷል። ይሁን እንጂ የጉልበቱ ግብ ማሸነፍ ነበር።

፫. ኮልፌ፣ ሐምሌ 1954

የዚህ ዓይነቱ ሥልጠና በዓለም ዘንድ እጅግ የታወቀው ምስክር ኢትዮጵያዊ አይደለም። ኔልሰን ማንዴላ ነው። በሐምሌ 1954 ዓ.ም. ማንዴላ በአዲስ አበባ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል። ነገሩን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከጦር ሠራዊት ጋር አያይዞ ነው፤ ማንዴላን ያሠለጠነው ግን የፖሊስ ክፍል ነበር።

ማንዴላ በግለ ታሪኩ እንደሚተርከው ቀኑ ከጧቱ 2 ሰዓት ይጀምርና እስከ ቀኑ 7 ሰዓት ይዘልቃል፤ ከምሳ በኋላም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይቀጥላል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ምሽት የወታደራዊ ሳይንስ ትምህርት አለ። ትምህርቱን የሚሰጡት ኮሎኔል ታደሰ ሲሆኑ፣ እኚህ ሰው በኋላ በጄኔራልነታቸው የምናውቃቸው ታደሰ ብሩ ናቸው። የዕለት አሠልጣኙ ጣሊያንን በምሥጢር የተዋጋ መቶ አለቃ ነበር። ማንዴላ ከሁሉ የወደደው ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ብቻ ይዞ በተወሰነ ሰዓት ከሩቅ ቦታ የሚደረሰውን አድካሚ ጉዞ እንደሆነ ይናገራል፤ የሀገሩን መልክዐ ምድርም ያየው በዚያ ጉዞ ነው። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታቅዶ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ድርጅቱ በቴሌግራም ጠራው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ፖሊስ የአካል ብቃት ሥልጠና የአንድን ነጻ አውጪ ጦር መሪ ሊያዘጋጅ የሚችል ጥራት ነበረው፤ ይህ የሚያኮራ ነው። ሁለተኛ፣ ከወታደር ሥልጠና ጋር ያለው ልዩነት እጅግ ቀጭን ነበር፤ ይህ ደግሞ የሚያሳስብ ነው። የክፍሉን ስም ተመልከቱ፤ «ፈጥኖ ደራሽ»። ስሙ ፍጥነትን ይነግረናል፤ መድረስንም ይነግረናል። ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ግን አይነግረንም። አድማ የወጣ ተማሪ ፊት የደረሰ ፖሊስ፣ ሽፍታ ፊት ከደረሰው የተለየ አካልና የተለየ ልብ ያስፈልገዋል። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ዓመታት የአዲስ አበባ ተማሪዎችና ፈጥኖ ደራሽ ተደጋግመው ፊት ለፊት ሲገናኙ የጎደለው ፍጥነት አልነበረም።

በደርግ ዘመን ይህ መደባለቅ እየባሰ ሄደ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ጓዶች የፖሊስን ሥራ በከፊል ወሰዱ፤ ጥቂት ሳምንት እንኳ ያልሠለጠነ ወጣት ጠመንጃ ታጥቆ በሌሊት ደጃፍ ያንኳኳ ጀመር። ብዙዎቻችሁ ከወላጆቻችሁ የሰማችሁት ታሪክ ስለሆነ አልዘረዝረውም። ለጉዳያችን የሚጠቅመው ግን አንድ ነገር ነው፤ ጠመንጃ ሥልጠናን ሲተካ ምን እንደሚሆን በዚያ ዘመን አይተናል።

፬. ሯጩ ፖሊስ

ከወታደሩ አርአያ ጎን ለጎን ሌላ አርአያ አደገ፤ እርሱም ሻምፒዮኑ ነው። መነሻው ክብር ዘበኛ ነው። ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ያሠለጠነው የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶኪዮ ላይ ማራቶንን ሲያሸንፍ፣ የታጠቀ ኃይል የአትሌቶች መፍለቂያ እንደሚሆን ሀገሩ ተረዳ። ፖሊስም የራሱን ክለብ ኦሜድላን አጠናከረ። ስሙ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ በሱዳን ድንበር ሰንደቅ ዓላማ የተከሉበትን ስፍራ ያስታውሳል።

በፖሊስና በማረሚያ ቤቶች ክለቦች ጥላ ሥር ካደጉት መካከል የማናውቃቸው የሉም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶንን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። እነዚህ ሰዎች የሀገር ሀብት ናቸው፤ ክለቦቹም ባይኖሩ ኖሮ ብዙዎቹ ደመወዝና ጫማ አያገኙም ነበር።

ነገር ግን አንድ ተቋም ሯጮች ስላሉት ሠራተኞቹ ይሮጣሉ ማለት አይደለም። የክለብ አትሌቱ ልምምድ ሥራው ነው፤ በየጣቢያው ተረኛ ሆኖ የሚያድረው ሳጅን ግን ልምምድ የሚሠራበት ሰዓት በጊዜ ሰሌዳው የለም። ሜዳሊያው በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ፣ የአካል ብቃት ጥያቄው የተመለሰ ይመስላል። በእኔ አስተያየት የሻምፒዮኑ ክብር ሳያስበው የተራውን ፖሊስ ጉዳይ ጋርዶታል።

፭. የደጋው ሰው ትንፋሽ

አሁን ወደ ራሳችን ምድር እንመለስ። በዚህ አካባቢ ፖሊስ የሚሠራበትን መሬት አስቡት። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በቀሐና በአንገረብ መካከል በተዘረጋ ኮረብታ ላይ ናት፤ ከወንዙ ዳር ወደ ፒያሳ መውጣት ራሱ የብቃት ፈተና ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ደባርቅ አለ፤ ከደባርቅ በታች ሊማሊሞ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከላይ ደግሞ ከ4,500 ሜትር የሚያልፈው ራስ ዳሸን ይቆማል። አንድ የወረዳ ፖሊስ በአንድ ቀን ደጋውንም ቆላውንም ሊረግጥ ይችላል። መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው፤ እዚያ የሚደርሰው እግር ብቻ ነው።

የዚህ ምድር ሰው አካል ለዓለም ሳይንስም እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሃሪሰን የጥናት ቡድን 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ደባርቅንና 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን አዲ አርቃይን በማነጻጸር ከፍታ በሰው አካል ላይ ያለውን ውጤት መረመረ። በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ባሳተመችው ጥናት፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ በአምባራስ የሚኖሩ የሰሜን ተራራ ሰዎች የደም ኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ መሆኑን አሳየች። የሂሞግሎቢናቸውም መጠን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ብዙ አይለይም ነበር። ይህ ከአንዲስም ከቲቤትም ሰዎች የተለየ ሦስተኛ ዓይነት መላመድ ነው።

ይህን የማነሣው ለመመጻደቅ አይደለም። ሁለት ትምህርት ስላለው ነው። አንደኛ፣ በባሕር ጠለል ላይ የተቀመረ የሩጫ ሰዓት ደባርቅ ላይ ያንኑ ነገር አይለካም፤ ስለዚህ መለኪያ ልንዋስ ብንችልም እንዳለ ልንገለብጠው አንችልም። ሁለተኛ፣ የደጋ ልጅ ስለሆነ ብቻ ብቁ ነው የሚለው የተለመደ ንግግር ስሕተት ነው። ሳንባ ከተፈጥሮ ቢገኝም ብቃት የሚጠበቀው በልምምድ ነው፤ ዐሥር ዓመት በጠረጴዛ ኋላ የተቀመጠ ሰው የአምባራስ ተወላጅ ቢሆንም ዳገቱ ያሸንፈዋል። የሥልጠና አውጪው የአኗኗራችንንም ሥርዓት ማወቅ አለበት። 55 ቀን የሚጾም ሠልጣኝ የምግብ ሰዓቱና የሩጫ ሰዓቱ ካልተስማሙ ይታመማል፤ የክረምቱ ጭቃና ጉምም የራሱን የልምምድ ዘዴ ይጠይቃል።

፮. ጉልበት ለመታገሥ

አሁን ዋናው ነጥቤ ላይ ደርሻለሁ። አንድ ፖሊስ ተጠርጣሪን እያሳደደ ነው እንበል። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ በእጁ የሰው ስልክ ይዞ በጠባብ መንገድ ቁልቁል ይሮጣል። ፖሊሱ የሚችል ከሆነ ይከተለዋል፤ ይደርስበታል፤ በካቴና ያስረዋል። ካልቻለ ግን መቶ ሜትር ሳይሞላ ትንፋሹ ይቆረጣል፤ ልቡ ይደልቃል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። በዚያ ሰዓት በፊቱ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይሆናል፤ ልጁን መተው ወይም ወገቡ ላይ ያለውን መሣሪያ መምዘዝ። ብቁ አካል ሦስተኛ ምርጫ ይሰጠዋል። የፖሊስ አካል ብቃት የሰብአዊ መብት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ አስተያየት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሃቫና ላይ የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የኃይልና የጦር መሣሪያ አጠቃቀም መሠረታዊ መርሆዎች ሰነድ በ18ኛው መርሕ፣ ሕግ አስከባሪዎች ተስማሚ ሥነ ምግባራዊ፣ ሥነ ልቡናዊና አካላዊ ብቃት እንዲኖራቸው፣ ያለማቋረጥም እንዲሠለጥኑ፣ ለሥራው ብቁ ሆነው መቀጠላቸውም በየጊዜው እንዲመረመር ያዛል። ሦስቱ ብቃቶች በአንድ ዐረፍተ ነገር መሰለፋቸውን አስተውሉ። በእንግሊዝና በዌልስ ፖሊሶች በየዓመቱ በ15 ሜትር የምልልስ ሩጫ ይፈተናሉ፤ ለተራ ፖሊስ የሚፈለገው ደረጃ 5.4 ሲሆን ከአራት ደቂቃ ያነሰ ሩጫ ነው፤ ለልዩ ግዳጆች ከፍ ይላል። ፈተናው ሻምፒዮን አይፈልግም። ቁም ነገሩ ያለው ቅጥር በተፈጸመበት ቀን ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ መሆኑ ላይ ነው።

የእኛ ሥልጠና ታሪክ ደካማ ጎኑ ይህ ይመስለኛል። ምልምሉን በማሠልጠኛ ሜዳ ለወራት እናደክመዋለን፤ ከተመረቀ በኋላ ግን ለራሱ እንተወዋለን። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ። በጥቂት ወራት ጥድፊያ የታጠቅነው ብቃት በጡረታ ቀርቶ በሦስተኛው ዓመት ተፈትቶ ይገኛል።

ጥያቄው ዛሬ ከምንጊዜውም ይልቅ አስቸኳይ ነው። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች አደረጃጀት እንዲቀር ሲወሰን፣ አባላቱ የመከላከያ ሠራዊትን፣ የፌዴራል ፖሊስን ወይም የክልሉን መደበኛ ፖሊስ እንዲቀላቀሉ አማራጭ ቀረበላቸው። ለውጊያ የሠለጠነ አካል ወደ መደበኛ ፖሊስነት ሲዛወር ዩኒፎርሙን መለወጥ ብቻ አይበቃውም፤ አካሉም እንደገና መማር አለበት። ተኩሶ መጣልን የተማረ እጅ፣ ሳይሰብር መያዝን ሊማር ይገባዋል። ይህ ደግሞ ከሩጫ ይልቅ ከባድ ሥልጠና ነው።

ከፊቴ ለተቀመጣችሁ ተማሪዎች አንድ ቃል ልተው። ሰንዳፋ ያለው የፖሊስ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ ሩቅ ወረዳ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅም ብዙ ነገር ይኖራቸዋል፤ የድሮ የሥልጠና መርሐ ግብሮች፣ የምልመላ መዝገቦች፣ ከሁሉም በላይ ጡረታ የወጡ የአሥር አለቆችና የሃምሳ አለቆች ትዝታ። የታሪክ ተማሪው፣ የሕግ ተማሪውና የስፖርት ሳይንስ ተማሪው አብረው ሊቀመጡበት የሚገባ ርእስ ነው።

በቀሐ ዳር የጀመርኩትን እዚያው ልጨርስ። በሚመጣው ጥምቀት ወደ ፋሲል መዋኛ ስትወርዱ፣ ከቅጥሩ ሥር የቆመውን ፖሊስ ልብ ብላችሁ እዩት። ከከተራ ጀምሮ እንደቆመ ነው። ሲገፉት የማይገፋው ፈሪ ስለሆነ አይደለም፤ ደካማም ስለሆነ አይደለም። እግሩ ስለጸናለትና ትንፋሹ ስላልተቋረጠ መታገሥ ችሏል። ይህ ሰው በየዓመቱ እንዲጸና የሚያደርገውን ሥልጠና መጠየቅ የእኛም ድርሻ ነው።